የወደቀ ጡትን በቀዶ ጥገና ማንሳት፦ ቅርጹ የሚገዛው በጠባሳ ነው

"በስፖርት ወይም በቅባት አይነሳም?" አይነሳም። ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም፤ ያለው የወተት እጢ፣ ስብና ይህን ደግፎ የያዘ ቆዳ ነው። ፑሽ አፕ የሚያጠነክረው ከጡቱ ኋላ ያለውን የደረት ጡንቻ ነው። በእርግዝና ወይም በክብደት መጨመርና መቀነስ የተለጠጠ ቆዳ ደግሞ በቅባት አይሰበሰብም።

"የእኔስ ወድቋል?" ያለ ጡት መያዣ መስታወት ፊት ቀጥ ብለው ይቁሙ። ማስመሪያ ከጡትዎ ስር እጥፋቱ ላይ አግድም ይያዙና የጡት ጫፍዎ የት እንደሚውል ይዩ። ከእጥፋቱ ጋር እኩል ከሆነ መውደቁ ቀላል ነው። እስከ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ መካከለኛ፣ ከዚያ ካለፈ ወይም ጫፉ ወለሉን ካየ ከባድ ነው።

የሚቆረጠውን የሚወስነው ይህ ልክ ነው። ለቀላሉ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ብቻ፤ ለመካከለኛው ከክቡ እስከ እጥፋቱ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ይጨመራል፤ ለከባዱ እጥፋቱም ላይ አግድም ይቆረጥና ጠባሳው መልህቅ ይመስላል። በጣም የወደቀውን በዙሪያው ቁርጥ ብቻ አነሳለሁ የሚል ሐኪም ካጋጠመዎ ሌላ ሐኪምም ያማክሩ። ቆዳው ሲወጠር ክቡ ይሰፋል፣ ጡቱም ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

"ማጥባት እችላለሁ?" በአብዛኛው አዎ፣ ዋስትና ግን የለም። ጫፉ ተቆርጦ አይወጣም፤ ከደም ሥሩና ከነርቩ ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ ይዛወራል። ስሜቱ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቀጣዩ እርግዝና ጡቱን መልሶ ሊጥለው ስለሚችል፣ በቅርቡ መውለድ ካሰቡ ቢያቆዩት ይሻላል። ማጥባት ካቆሙም ቢያንስ 3 ወር ይጠብቁ።

ዋናው ጥያቄ ጠባሳው ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ለኪሎይድ፣ ማለትም አብጦ ከቁስሉ ወሰን ለሚያልፍ ጠባሳ፣ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ደረትም ኪሎይድ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም በምጥ ፋንታ በቀዶ ጥገና ሲወልዱ ጠባሳው አብጦ ከቁስሉ ወሰን ካለፈ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያሳዩ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ልጣፍ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ለ2 ወይም 3 ወር ይለጠፋል። ማበጥና ማሳከክ ከጀመረ ሳይጠነክር የስቴሮይድ መርፌ ይወጋል። ጠባሳው ለመብሰል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ወር መቅላቱና መጥቆሩ አያስደንግጥዎ።

ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ሲጋራና ሺሻ የለም። ኒኮቲን ደም ሥር ያጠባል፣ የተዛወረውን የጡት ጫፍም ሊያሞተው ይችላል። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ደም ያፈሳሉ፤ ለልብ የታዘዘልዎ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቁሙ። ምግብ 6 ሰዓት፣ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። ወተት ያለው ማኪያቶ እንደ ምግብ ይቆጠራል።

ሥራው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ትራስ ደራርበው በጀርባ ይተኙ፤ ሽቦ የሌለው የሚደግፍ ጡት መያዣ ቀንና ሌሊት ለ6 ሳምንት ያህል ይደረጋል። የቢሮ ሥራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይቻላል። ለ4 እስከ 6 ሳምንት ግን ጀሪካን ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካትና ልጅ ማንሳት ይቅር። ማዘል ከማቀፍም ይብሳል፤ የአንቀልባው ማሰሪያ የሚያልፈው ልክ ስፌቱ ላይ ነው።

በመልህቁ ስፌት ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ነው፤ ቆዳው ከየአቅጣጫው የሚወጠረውና ደሙ የሚሳሳው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ከሆነ ፋሻው እየተቀየረ ይድናል። ቅቤም ማርም አይቀቡበት።

አንዱ ጡት በድንገት ካበጠና ከጠነከረ፣ ጫፉ ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ባት ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ውጭ አገር ሄደው የሚሠሩ ከሆነም እነዚህ ችግሮች የሚበዙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ፣ የመመለሻ ትኬትዎን ከዚያ በኋላ ይቁረጡ።