ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ብቻችሁን ወደ ጀርመን ስትሄዱ፦ ከማመልከቻው እስከ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከአገር ወጥቶ ለማያውቅ ሰው፣ ብቻውን ሄዶ አንድ ዓመት ማገልገል ትልቅ ነገር ነው። ይሳካል። ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው ከቦሌ ከመነሳታችሁ በፊት ነው። ጀርመንን የመረጥኩት በጎ ፈቃድ እዚያ በሕግ የተደራጀ ስለሆነ ነው። መብታችሁም ግዴታችሁም ተጽፎ ይሰጣችኋል።

1. ፕሮግራሙን ለዩ

ሁለት ስሞች ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። አንዱ ኤፍኤስጄ (የማኅበራዊ በጎ ፈቃድ ዓመት) ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን 27 ዓመት ላልሞላቸው ነው። ሌላው ቢኤፍዲ (የፌደራል በጎ ፈቃድ አገልግሎት) ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የግዳጅ ውትድርና ሲቆም የመጣ ሲሆን የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ይቆያሉ። የምትመደቡት አረጋውያን መኖሪያ፣ የአካል ጉዳተኞች ማዕከል፣ ሆስፒታል ወይም መዋዕለ ሕፃናት ሊሆን ይችላል። የጀርመን ቀይ መስቀል፣ ካሪታስና ዲያኮኒ በጎ ፈቃደኞችን ከሚቀበሉት ውስጥ ናቸው።

ብዙው ቦታ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ነው፤ በእኛ ሐምሌ ወይም ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ማለት ነው። ቪዛው ጊዜ ስለሚወስድ ከዚያ በፊት ባለው መስቀል ማመልከት ጀምሩ። ጀርመንኛውን ደግሞ ከዚያም ቀድማችሁ። ብዙ ተቀባዮች ኤ2 ወይም ቢ1 የሚባለውን የቋንቋ ደረጃ ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ትምህርቱንም ፈተናውንም ይሰጣል።

2. የጠራችሁ ማን እንደሆነ አጣሩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ትልቁ መከታው የሚቀበለው ድርጅት ነው።

የመጣላችሁ ደብዳቤ ላይ ያለውን ስልክ አትደውሉ። የድርጅቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጉና እዚያ ባለው ቁጥር ደውላችሁ «በዚህ ስም የተላከው ውል የእናንተ ነው ወይ?» በሉ። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ይሁን። ከዚህ በፊት እዚያው ቦታ ያገለገለ ሰው እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ደህና ድርጅት በዚህ ቅር አይለውም። ያንን ሰው ስታገኙት «ጥሩ ነበር?» ብላችሁ አትለፉት። የት ተኛህ? ስትታመም ማን ወሰደህ? ቅዳሜና እሁድ ምን ትሠራ ነበር? የኪስ ገንዘቡ በሰዓቱ ይገባ ነበር? ብላችሁ ዝርዝሩን አውጡት።

ውሉ ላይ የሥራ ሰዓት፣ የኪስ ገንዘብ፣ መኖሪያና ምግብ ማን እንደሚችል፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የዓመት ፈቃድና የሴሚናር (በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው የሚማሩባቸው) ቀናት መጻፍ አለባቸው። 27 ዓመት ላልሞላው ለ12 ወር አገልግሎት 25 የሴሚናር ቀን አለ። የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደሚከፍልም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ተጓዡ ራሱ ነው።

«ቋንቋ አያስፈልግም» የሚል፣ «መጀመሪያ በቱሪስት ቪዛ ግቡ፣ እዚያ ይቀየራል» የሚል፣ ወይም በግለሰብ አካውንት ብር አስገቡ የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ አቁሙ። ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ አገልግሎት ከመነሳታችሁ በፊት ኢምባሲው የሚሰጠው የረጅም ጊዜ ቪዛ ያስፈልጋል።

3. ወረቀታችሁን አንድ አድርጉ

ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የአየር ትኬት ላይ ያለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» ከተጻፈ ጣጣ ያመጣል። የልደት ቀኑንም እዩት። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ሳይቀየር እንዳለ ተገልብጦ ከሆነ፣ ሰነዱ ላይ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። ይህን ቀጠሮ ሳይደርስ አስተካክሉት።

4. ቤተሰብ ጋር ቁጭ በሉ

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከሻንጣው በላይ አስበልጠዋለሁ። «ልጃችን ጀርመን ገባ» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ የሚጠብቀው ነገር አለ። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝተኛ አይደለም። የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ ለትራንስፖርት፣ ለስልክና ለትንንሽ ነገር የሚሆን ነው። ይህን ለእናት ለአባት በቁጥር ንገሯቸው። ውሉን ዘርግታችሁ «በወር ይህቺ ናት፣ ይህን ዓመት ብር አልክም» በሏቸው። ለጉዞው ብር ያበደራችሁ ዘመድ ካለ፣ ዕዳው መቼና ከየት እንደሚከፈል አሁኑኑ ተነጋገሩ። ሳይነገር የቀረ ነገር፣ በጀርመን ክረምት መሐል «ምነው ረሳኸን?» በሚል ስልክ ይመጣል። ያኔ ልብ ይሰብራል።

5. ሻንጣ

ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። ቋንጣ፣ አይብና ንጥር ቅቤ ይቅር። በርበሬና ሽሮ በደንብ አሽጉ። ውሉ፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱና መድኃኒታችሁ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፤ የድንበር ፖሊሱ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እነሱን ነው።

6. የመጀመሪያው ቀን

የት እንደምታድሩ ሳታውቁ አትነሱ። የሚቀበላችሁን ሰው ስምና ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል። ቅዳሜ ማታ ወይም እሁድ የሚያደርስ በረራ ባትመርጡ ጥሩ ነው። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ግን ክፍት ታገኛላችሁ።

ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ርካሹ የባቡር ትኬት ለአንድ ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው። በራሳችሁ ጥፋት፣ ወይም አውሮፕላኑ ዘግይቶ ካመለጣችሁ፣ ትኬቱ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከማረፊያው ሰዓት ብዙ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ወይም ትንሽ ጨምራችሁ በማንኛውም ሰዓት የሚያገለግለውን ግዙ። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ቦርዱን አንብቡ። መሳፈሪያው በፊደል የተከፋፈለ ነው፤ የእናንተ ፉርጎ የት እንደሚቆም ይናገራል። አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደተለያየ ከተማ ስለሚሄድ፣ ፉርጎው ላይ የተጻፈውን የከተማ ስም አይታችሁ ግቡ። ሰዓቱን በፈረንጅ አንብቡ፦ 14፡30 ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ድንገተኛ አደጋ ቢገጥማችሁ 112፣ ፖሊስ ከፈለጋችሁ 110 ትደውላላችሁ።

ስትደርሱ ለቤት ደውሉ። አጭር ይሁን፣ ከዚያ ተኙ።

7. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። እዚያ ያሉ ሐበሾች «አንሜልዱንግ» ይሉታል። አከራዩ የሚፈርመው ወረቀት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ቪዛው ሳያልቅ ቀጠሮ ያዙለት።

ሥራ ላይ ደግሞ አንድ ልማዳችንን ተጠንቀቁ። ያልገባንን ነገር በአክብሮት «እሺ» እያልን ራስ እንነቀንቃለን። አረጋዊት ሴት ከአልጋ ስታነሱ ግን የተባለውን ሳትሰሙ እጃችሁን ብትሰዱ ጉዳት ይደርሳል። «አልገባኝም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» የሚለውን በጀርመንኛ ከመነሳታችሁ በፊት አጥኑትና ሳታፍሩ ተጠቀሙበት። በጎ ፈቃደኛ ረዳት ነው፤ የነርስን ቦታ ተክቶ አይሠራም። ብቻችሁን መድኃኒት ስጡ ከተባላችሁ አይሆንም በሉ።

ሴሚናሩን እንደ ሸክም አትዩት፤ እንደናንተ አዲስ የሆኑ ሰዎችን የምታገኙት እዚያ ነው። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ ብቸኝነቱም ያኔ ይጠናል። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የሐበሻ ማኅበር ብርዱ ሳይመጣ ፈልጉ።

ቦታው ካልተመቻችሁ ወይም ካጉላሏችሁ፣ የሆነውን በቀንና በሰዓት ጻፉትና ከፕሮግራሙ ለተመደበላችሁ አስተባባሪ ንገሩ። ወደ ሌላ ቦታ ለመዛወር መጠየቅ ይቻላል። ግን ቪዛችሁ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ምላሹን በጽሑፍ ሳትይዙ ሥራውን ጥላችሁ አትውጡ።