የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ አንብቦ የግዛቶችን የምክር ቤት ወንበር ራስን ችሎ ማስላት

በ2020 በአሜሪካ በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪ ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ግዛቲቱ ግን በተወካዮች ምክር ቤት ከነበሯት 27 ወንበሮች አንዱን አጣች። የሌሎቹ ግዛቶች ቁጥር ባለበት ቆይቶ ለኒውዮርክ 89 ሰዎች ብቻ ተጨምረው ቢቆጠሩላት ኖሮ ወንበሩ ከእጇ አይወጣም ነበር። ውጤቱ ይፋ በሆነበት ሰሞን ይህ «89» የሚባል ቁጥር በየዜናው ሲነገር ቢከርምም፣ ከየት እንደመጣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ብዙም አልተገኘም። ስሌቱ ግን ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ተራ ካልኩሌተር ለያዘ ሰው ሁሉ የሚቻል ነው፤ አንዴ የለመደው ሰው በየአሥር ዓመቱ የሚወጣውን ውጤት ሌላ ተንታኝ ሳይጠብቅ ራሱ ያነበዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ትክክለኛውን ቁጥር መምረጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የቆጠራ ቢሮው ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት የተለያዩ ድምሮችን ያወጣል። አንደኛው በግዛቱ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ነው፤ በ2020 የአገሪቱ ነዋሪ በጠቅላላው 331,449,281 ነበር። ሁለተኛው ለወንበር ድልድል የሚያገለግለው ሕዝብ ሲሆን፣ በዚያው ቆጠራ 331,108,434 ሆኗል። በሁለተኛው ድምር ውስጥ በውጭ አገር የተመደቡ ወታደሮችና የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አብረዋቸው ከሚኖሩት ቤተሰቦቻቸው ጋር በትውልድ ወይም በመኖሪያ ግዛታቸው ስም ይደመራሉ፤ ግዛት ያልሆነችው የዋና ከተማዋ የዋሽንግተን ነዋሪዎች ደግሞ አይገቡበትም። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ቢታይም ወንበር የሚያዛውርበት ጊዜ አለ። ከ2000 ቆጠራ በኋላ ዩታ ለሰሜን ካሮላይና በተሰጠው የመጨረሻ ወንበር ላይ ክስ ስትመሠርት ካነሣቻቸው ነጥቦች አንዱ በውጭ አገር የሚያገለግሉ ሚስዮናውያኗ ሳይቆጠሩ መቅረታቸው ነበር፤ ክርክሩ ግን አልተሳካላትም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ሲከፍቱ «ለድልድል» የተባለውን ዓምድ መያዝዎን ያረጋግጡ።

በዚህ ድምር ውስጥ ዜጋ የሆነውም ያልሆነውም፣ መምረጥ የሚችለውም ሕፃኑም እኩል ይቆጠራሉ። በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ድልድሉ በየግዛቱ ያሉትን ሰዎች ሙሉ ቁጥር መሠረት እንዲያደርግ ደንግጓል፤ ከዚያ በፊት በባርነት የተያዘ ሰው የሚታሰበው እንደ ሦስት አምስተኛ ክፍል ብቻ ነበር።

ቁጥሩን ከያዙ በኋላ የዕድገት መቶኛ እንዳያታልልዎት ይጠንቀቁ። ከ2010 እስከ 2020 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም 6.1 በመቶ አድጓል፤ እንዲያም ሆኖ ግዛቲቱ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር አጥታ ከ53 ወደ 52 ወርዳለች። ምክንያቱ የአገሪቱ አማካይ ዕድገት 7.4 በመቶ መሆኑ ነው። የወንበሮቹ ብዛት 435 ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ከአማካዩ በታች ያደገ ግዛት ሕዝቡ ቢጨምርም ድርሻው ይቀንሳል። በዚያ አሥር ዓመት ሕዝባቸው በእርግጥ የቀነሰባቸው ግዛቶች ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሚሲሲፒና ኢሊኖይ ብቻ ሲሆኑ ወንበር ያጡት ግን ሰባት ናቸው፤ ሚሲሲፒ ደግሞ ሕዝቧ ቀንሶም ወንበሮቿን አላጣችም። በተቃራኒው ዩታ 18.4 በመቶ በማደግ ከሁሉም ግዛቶች ቀዳሚ ብትሆንም አንድም ወንበር አልተጨመረላትም። ለምን እንደሆነ ከታች ያለውን ስሌት ሲሠሩ ያገኙታል።

435 የሚለው ቁጥር ራሱ ከሕገ መንግሥቱ የመጣ አይደለም። በ1911 በወጣ ሕግ የተወሰነ ሲሆን፣ በ1929 የወጣው ሌላ ሕግ ቁጥሩን ቋሚ አድርጎታል። በመካከሉ የ1920 ቆጠራ ሕዝቡ ከገጠር ወደ ከተማ መፍለሱን ሲያሳይ፣ ወንበር የሚያጡት ወገኖች ባስነሡት ተቃውሞ ኮንግረሱ ድልድሉን ጨርሶ ሳያድስ አሥር ዓመት አለፈ። በእኔ አመለካከት ዛሬ ድልድሉ በሒሳብ ብቻ እንዲሠራ የተደረገው፣ ሥልጣን የያዘ ሰው የራሱን ወንበር በፈቃዱ እንደማይቀንስ ያኔ በግልጽ ስለታየ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በመጀመሪያ ለሃምሳዎቹ ግዛቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ወንበር ይስጡ፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ ስለሆነ ስሌት አይጠይቅም። የቀሩት 385 ወንበሮች አንድ በአንድ የሚታደሉት በተራ ነው፤ ተራውን የሚወስነው ደግሞ የቅድሚያ ዋጋ የሚባል ቁጥር ነው። የአንድን ግዛት የቅድሚያ ዋጋ ለማግኘት፣ ግዛቱ ሊወስደው የሚፈልገውን ወንበር ተራ ቁጥር ከእሱ በአንድ በሚያንሰው ቁጥር ያባዙ፣ የብዜቱን ስኩዌር ሩት ያውጡ፣ ከዚያም የግዛቱን ሕዝብ ለዚህ ውጤት ያካፍሉ። ለሁለተኛ ወንበር አካፋዩ የሁለት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.41421 ይሆናል፤ ለሦስተኛ የስድስት፣ ለአራተኛ የአሥራ ሁለት እያለ ይቀጥላል። ከሁሉም የሚበልጠው ዋጋ 51ኛውን ወንበር ይወስዳል፣ ቀጣዩ 52ኛውን፣ እንዲህ እየተባለ 435 ሲሞላ ዕደላው ይቆማል። ሃምሳውንም ግዛት ማስላት ለሚፈልግ ሰው ኤክሴል ሥራውን ያቀልለታል፤ የአንድ ግዛትን ዕጣ ብቻ ማወቅ ለሚፈልግ ግን የመጨረሻውን ወንበር የወሰደው ዋጋ ስንት እንደሆነ ማወቅ ይበቃዋል።

በ2020 435ኛውን ወንበር የወሰደችው ሚኔሶታ ናት። ለድልድል የተያዘው ሕዝቧ 5,709,752 ነበር፤ ስምንተኛ ወንበሯን ለማስላት ስምንትን በሰባት አባዝተን 56 እናገኛለን፣ የዚህም ስኩዌር ሩት 7.4833 ነው። ሕዝቡን ለዚህ ስናካፍል 762,998 ይመጣል። ይህ የዚያ ዓመት ደፍ ነው፤ ከዚህ በላይ ዋጋ ያለው ገብቷል፣ ከዚህ በታች ያለው በር ላይ ቀርቷል። ሞንታና በ1,085,407 ሕዝብ ለሁለተኛ ወንበር 767,499 ስላመጣች አልፋለች። ደላዌር በ990,837 ሕዝብ ያመጣችው 700,628 ገደማ ስለሆነ ባንድ ወንበር ቀርታለች። ዩታም ለአምስተኛ ወንበር ያገኘችው 732 ሺህ አካባቢ ነው፤ ፈጣን ዕድገቷ ያልጠቀማት በአራት ወንበርና በአምስት ወንበር መካከል ያለው ርቀት ለትንሽ ግዛት ሰፊ በመሆኑ ነው።

ኒውዮርክ ለ27ኛ ወንበር የተወዳደረችው በ20,215,751 ሕዝብ ነበር። ሃያ ሰባትን በሃያ ስድስት ስናባዛ 702፣ ስኩዌር ሩቱም 26.4953 ይሆናል፤ ዋጋዋ 762,994 ላይ አረፈ። ከሚኔሶታ ያነሰችው ከአራት ባልበለጠ ነጥብ ነው። ይህን የነጥብ ልዩነት ወደ ሰው ቁጥር ለመመለስ የሚኔሶታን ዋጋ በ702 ስኩዌር ሩት፣ የሁለቱንም ክፍልፋይ ሳይጥሉ ያባዙና ከውጤቱ የኒውዮርክን ሕዝብ ይቀንሱ፤ 88 ተኩል ያለፈ ቁጥር ያገኛሉ፣ ሰው ደግሞ በክፍልፋይ ስለማይቆጠር 89 ይሆናል። ክፍልፋዮቹን አስቀድሞ ያጠጋጋ ሰው ትክክለኛው ቁጥር ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ካልኩሌተሩ የሰጠዎትን አኃዝ እስከ መጨረሻው እንዳለ ይጠቀሙበት።

ይህ ዘዴ ከ1941 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን ፍጹም ነው የሚል ሰው የለም። ከ1990 ቆጠራ በኋላ ከሁለት ወንበር ወደ አንድ የወረደችው ሞንታና ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሳው ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በ1992 ዘዴውን መምረጥ የኮንግረሱ ሥልጣን ነው ብሎ ወሰነ። ዛሬ ደግሞ ተጠቃሚዋ ራሷ ሞንታና ሆናለች፤ ከሁለቱ ወንበሮቿ አንዱ የሚወክለው 543 ሺህ ያህል ሰው ሲሆን የደላዌር አንድ ወንበር ግን 991 ሺህ ያህል ሰው ተሸክሟል። የአገሪቱ አማካይ 761,169 ነው።

የወንበሩ ቁጥር ከታወቀ በኋላ በፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ ያለውን ውጤት ማስላት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ባለው ወንበር ላይ ሁለት የሴኔት ወንበሮች ሲደመሩ ፕሬዚዳንቱን በግዛቱ ስም የሚመርጡት የመራጭ ወኪሎቹ ቁጥር ይገኛል፤ ለዋሽንግተን ከተማ ሦስት ተጨምሮ ጠቅላላው 538 ሲሆን፣ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ቴክሳስ ሁለት ወንበር ጨምራ 40 ወኪሎች አሏት፤ ፍሎሪዳ፣ ኮሎራዶ፣ ሞንታና፣ ሰሜን ካሮላይናና ኦሪገን አንድ አንድ ጨምረዋል፤ ካሊፎርኒያ፣ ኢሊኖይ፣ ሚሺጋን፣ ኒውዮርክ፣ ኦሃዮ፣ ፔንሲልቬኒያና ዌስት ቨርጂኒያ አንድ አንድ አጥተዋል። ለውጡ ለየትኛው ፓርቲ እንዳደላ ለማወቅ የሚበጀው መንገድ የቀድሞውን ምርጫ በአዲሱ ቁጥር እንደገና መደመር ነው። በ2020 ባይደን ያገኙት 306 ነበር፤ ያሸነፏቸው ግዛቶች በአዲሱ ድልድል አምስት አጥተው ሁለት ስላገኙ ድምሩ 303 ይሆናል፣ የትራምፕ ደግሞ ከ232 ወደ 235 ይወጣል። ሦስት ነጥብ ብዙ አይደለም፤ የአንድ አሥር ዓመት ለውጥ ብቻውን ምርጫ ይገለብጣል የሚሉ ጽሑፎችን በጥርጣሬ እንዲያነቡ የምመክረውም ለዚህ ነው። ረጅሙን ጊዜ ሲያዩት ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከ1930 ቆጠራ በኋላ ኒውዮርክ 45 ወንበር፣ ፍሎሪዳ 5 ወንበር ነበራቸው፤ ዛሬ ኒውዮርክ 26፣ ፍሎሪዳ 28 አላቸው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ወንበሩ በግዛቱ ውስጥ ለማን ደረሰ የሚለው ነው፤ ይህን ግን ምንም ቀመር አይመልሰውም። ከ1964 ወዲህ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት በአንድ ግዛት ውስጥ ያሉ የኮንግረስ ምርጫ ክልሎች የሕዝብ ብዛታቸው በተቻለ መጠን እኩል መሆን አለበት፤ ድንበራቸውን የሚያሰምረው ግን በአብዛኛው የየግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። እንደ አሪዞና፣ ሚሺጋንና ኮሎራዶ ያሉት ሥራውን ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጥተውታል። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለፓርቲ ጥቅም ተብሎ የሚሰመር ድንበር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊታይ አይችልም ብሏል። የዘር ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቴክሳስ ያደገችው 95 በመቶ ያህል ነጭ ባልሆኑ ነዋሪዎች ቢሆንም፣ አዳዲሶቹ ሁለት ክልሎች የተሰመሩት ነጭ መራጮች በሚበዙበት መንገድ ነው በማለት የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2021 መጨረሻ ከሷት ነበር። ወንበር ሲጠፋ ደግሞ ተወካዮቹ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፤ ከሦስት ወደ ሁለት በወረደችው ዌስት ቨርጂኒያ፣ በሥራ ላይ የነበሩት አሌክስ ሙኒና ዴቪድ ማኪንሊ በ2022 የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ተፋጠው ሙኒ አሸንፈዋል። የአካባቢዎን ለውጥ መከታተል ከፈለጉ ለድንበር ማስመሪያ የሚወጣውን እስከ ሰፈር ድረስ የሚወርድ ዝርዝር መረጃ ይፈልጉ፤ በ2021 ይህ የወጣው በኦገስት 12፣ ማለትም የወንበር ድልድሉ ኤፕሪል 26 ይፋ ከሆነ ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ነው።

ቆጠራው ራሱ ስንት ሰው እንደሳተ ማየትም የስሌቱ አካል ነው። ቢሮው በ2022 ባወጣው የማጣሪያ ጥናት ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢሊኖይ፣ ቴነሲ፣ አርካንሳስና ሚሲሲፒ ከእውነተኛው ቁጥር በታች፣ ሚኔሶታና ኒውዮርክን ጨምሮ ስምንት ግዛቶች ደግሞ ከበላይ እንደተቆጠሩ አሳውቋል። የመጨረሻውን ወንበር በወሰደችውና ባጣችው ግዛት ሁለቱም ላይ ትርፍ መገኘቱ ልብ ይሏል። ይህ ጥናት ድልድሉን አይቀይርም፤ በናሙና የተገኘ ግምት ለወንበር ድልድል እንዳይውል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 የቆጠራ ሕጉን ተርጉሞ ወስኗል።

በሁለት ቆጠራዎች መካከል ባሉት ዓመታት ቢሮው በየዓመቱ የሚያወጣውን የሕዝብ ግምት በዚሁ ቀመር አስገብቶ የ2030ን ድልድል መገመት ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ግምቱ በውጭ አገር ያሉትን ሠራተኞች እንደማይጨምር ያስታውሱ፤ ወንበሮቹንም «የተረጋገጡ»ና «በደፉ አካባቢ ያሉ» ብለው ለይተው ይጻፏቸው። ከ2020 ውጤት በፊት በእነዚሁ ግምቶች ላይ የተመሠረቱ ትንበያዎች ለቴክሳስ ሦስት፣ ለፍሎሪዳ ሁለት፣ ለአሪዞና አንድ ተጨማሪ ወንበር ሰጥተው ነበር። ትክክለኛው ቆጠራ ሲወጣ ቴክሳስ ሁለት፣ ፍሎሪዳ አንድ አገኙ፤ አሪዞና ምንም አላገኘችም፣ ታጣለች የተባለችው ሚኔሶታም ስምንተኛ ወንበሯን ይዛ ቀረች።