በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ሜርኩሪ ያነሰበትን ዓሣ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

እህቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ሁዳዴ ገባ፤ ቤታችን በየቀኑ ዓሣ ሆነ። የዓሣ አመራረጥ የተማርኩት ያኔ ነው። ዓሣ ተዉ ልል አይደለም፤ እኛም አልተውንም።

መጀመሪያ፣ ፊሌቶ ሆኖ የቀረበውን አይግዙ። ከተገፈፈ በኋላ ሁሉም ነጭ ሥጋ ነው። ሙሉውን ዓሣ መርጠው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጥንት እስኪጣልላቸው በሚጠብቁበት ፊት ለፊት ያስገፍፉ። ጎኑ ጠፍጣፋ፣ የጀርባ ክንፉ እሾሃም ከሆነ ቆሮሶ ነው። ቅርፊት የሌለው ባለ ረጃጅም ጢም አምባዛ ነው። ቢልጫ ደግሞ ትልልቅ ቅርፊትና አጫጭር ጢም አለው።

ልዩነቱ አመጋገባቸው ላይ ነው። ቆሮሶ በብዛት አልጌ ይበላል፤ ቢልጫ ሲያድግ ትንንሽ ዓሦችን ያሳድዳል፤ የበላቸው ዓሦች የያዙት ሜርኩሪም እሱ ላይ ይከማቻል። በሐዋሳ ሐይቅ በተደረጉ ጥናቶች ቆሮሶ ዝቅተኛውን፣ ቢልጫ ከፍተኛውን መጠን ይዘው ተገኝተዋል፤ አንዳንዱ ቢልጫ በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም አልፏል።

ሁለተኛ፣ ከአንድ ዝርያ ግዙፉን አይምረጡ፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ክምችቱም ይጨምራል። ጫጩቱንም አይግዙ፣ ሐይቁን ያራቁታል።

ሦስተኛ፣ መጠኑን ያስሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች በሳምንት የፈቀዱት የሜቲል ሜርኩሪ (ዓሣ ሥጋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሜርኩሪ ዓይነት) ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 96 ማይክሮግራም ይደርሳታል ማለት ነው። በኪሎ 0.5 ሚሊግራም የያዘ ዓሣ ከሆነ 192 ግራም ብቻ በልታ ጣሪያዋን ትነካለች፤ አንድ ሰሃን አይሞላም! ሰውነታችን ከገባው ግማሹን ለማስወጣት 50 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፣ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው፤ በየቀኑ ከበሉት እየተከማቸ ይሄዳል። ለነፍሰ ጡር ጥንቃቄው የሚብሰው ሜቲል ሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ አልፎ የፅንሱን አንጎል ስለሚጎዳ ነው።

ማብሰያ ቤት ውስጥ የሚሠራ መላ የለም። ሎሚ፣ ዳጣ፣ የፈላ ዘይት፣ ቆዳ መግፈፍ፣ አንዳቸውም ሜርኩሪውን አያወጡትም፤ የተጣበቀው ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ነው።

የአየሩ መሞቅም ነገሩን ያባብሰዋል። ሜርኩሪን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ የሚለውጡት ኦክስጅን ባነሰበት ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ውኃው ሲሞቅ ሥራቸው ይፈጥናል፣ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ከባድ ዝናብ ከተራቆተው መሬት አፈር ጠርጎ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቁ ያስገባል፤ ሐይቁ ደግሞ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ስለዚህ የድሮ ልኬት ለዛሬው ዓሣ ዋስትና አይሆንም።

አሁን ዓሣ ሻጩ ከሩቅ ሲያየኝ «ቆሮሶ ነው፣ ቆሮሶ!» ይለኛል። እኔም «እስቲ ጭንቅላቱን አሳየኝ» እለዋለሁ።