ቼክ ኢንጅን በርቶ መኪናችሁ ቤንዚን ስትበላ፦ ኦክስጅን ሴንሰሩን ከመግዛታችሁ በፊት

ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ ወርዳችሁ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ቢጫዋ የሞተር ምልክት በርታለች። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ግን ቤንዚን ትበላለች። መንገድ ተዘግቶ ስትቆሙ ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። መካኒክ ጋ የመኪናዋን የብልሽት ኮድ ታስነብቡና «ኦክስጅን ሴንሰር ነው (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው)፣ ይቀየር» ትባላላችሁ።

እኔም ቪትዜን እንዲሁ ተብዬ አዲስ ገዝቼ አሰርኩ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ጎንበስ ብዬ ገመዱን በጣቴ ስከተለው ማሰሪያው ተበጥሶ ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቷል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ ይታያል። ስለዚህ አደራ፣ መጀመሪያ የኮዱን ቁጥር ጠይቁ፤ «ሴንሰር ነው» የሚለው ብቻውን አይበቃም።

ፒ0135 ከሆነ፦ ችግሩ የፊተኛው ሴንሰር (ጭስ ከሚያጣራው ካታላይዘር በፊት ያለው) ማሞቂያ ላይ ነው። ሴንሰሩ በትክክል የሚያነበው ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል ስለሆነ ውስጡ ማሞቂያ አለው። መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ቀጥሎ ሶኬቱን ንቀሉና በቴስተር የማሞቂያውን ሁለት ገመዶች ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ጥቂት ኦም ካነበበ ማሞቂያው ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል፣ ሴንሰሩ ይቀየር። ማሞቂያው ደህና ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ከመኪናዋ በኩል ባለው ሶኬት 12 ቮልት ገደማ ካልመጣ ግን ጥፋቱ የገመዱ ነው።

ፒ0171 ከሆነ፦ ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን እየተናገረ ነው፤ አየር በዝቷል፣ ወይም ቤንዚን አንሷል። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ ወይም ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ቀዳዳ ፈልጉ። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ወይም በደንብ ያልተበየደ ቱቦ የውጭ አየር ያስገባና ሴንሰሩን ያሳስተዋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱና ጆሯችሁን ስጡ፤ ቀዳዳው ጥ ጥ እያለ ራሱን ይናገራል።

ፒ0420 የካታላይዘር ጉዳይ ነው። ሴንሰር በመቀየር የሚድነው ከስንት አንዴ ነው።

ሴንሰሩ መሞቱን ካረጋገጣችሁ፣ መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የአሮጌውን ቁጥርና የሶኬቱን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ያገለገለ አትግዙ፤ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው በዓይን አይታይም። ከራሱ ሶኬት ጋር የመጣውን ምረጡ። ገመድ ቆርጦ በስታኞ መበየድ ጥሩ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚሆናቸውን የውጭ አየር የሚስቡት በገመዱ ውስጥ ነው።

አሮጌውን መፍታት ነው ሥራው። ከማታው ጥርሱ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩበት። ጠዋት ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቁና አጥፉ፤ ለብ ያለ ብረት ይላቀቃል፣ የጋለ ግን እጅ ይልጣል፤ ጓንት አድርጉ። ሶኬቱን ንቀሉ። የ22 ቁልፍ፣ ቢገኝ ጎኑ የተከፈተ ቡሶላ፣ አስገቡና በኃይል ከመምታት ይልቅ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ፍቱት። የኋለኛውን ለመፍታት ከስር መግባት ካለባችሁ፣ ሰፈራችን ዳገት መሆኑን አትርሱ፤ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስርም ፈጽሞ አትግቡ።

አዲሱን በእጅ ጀምሩለት። በጣት ካልገባ ጥርሱ ተዛብቷል፤ በቁልፍ ብታስገድዱት ቱቦውን ታበላሻላችሁ። እንዳይጣበቅ የሚከላከለው ግሪስ ጥርሱ ላይ ብቻ እንጂ ጫፉን አይንካ፤ ብዙዎቹ ተቀብተው ነው የሚመጡት። ስታጠብቁት 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ሲሊኮን አትጠቀሙ፣ ሴንሰሩን ይገድለዋል። ገመዱን ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ እሰሩ።

ከዚያ ኮዱን አጥፉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ የቤንዚኑን ልክ ለማስተካከል ኮምፒውተሩ ይህን ሴንሰር አጥብቆ ይፈልገዋል። በስልክ የሚገናኝ ኮድ ማንበቢያ ካላችሁ ሞተሩ ሲሞቅ ቮልቱን እዩ፤ የተለመደው ዓይነት የፊተኛ ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቶሎ ቶሎ ይወጣል ይወርዳል። አንድ ቦታ ቆሞ ከቀረ ሌላ ሴንሰር አትግዙ፤ ገመዱን ከሶኬቱ ጀምራችሁ በጣታችሁ ተከተሉት።