አንድን ፓርቮቫይረስ በምድቡ እንዴት ማስቀመጥ ይቻላል?

ፓርቮ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቡችላ የሚገድለውን በሽታ ነው። ቤተሰቡ ግን ሰፊ ነው። ሰውን፣ ድመትን፣ ነፍሳትንና ሽሪምፕን የሚይዙም አሉበት። አዲስ ቫይረስ ሲገኝ ቦታው የሚለየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ አካሉን እዩ። ፓርቮቫይረስ መጠኑ ወደ 25 ናኖሜትር ይጠጋል። ቅርፊቱ ከ60 የፕሮቲን ቁራጮች የተገጣጠመ ባለ 20 ገጽ ነው። የቅባት ሽፋን የለውም። በዚህ ምክንያት አልኮል ብዙም አይበግረውም፤ በረኪና ግን ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ዲኤንኤውን ተመልከቱ። ነጠላ ክር መሆን አለበት፤ ርዝመቱም ከ4,000 እስከ 6,000 ፊደላት። ጫፎቹ በራሳቸው ላይ ይታጠፋሉ። ክሩ ክብ ሆኖ ከተገኘ እዚሁ አቁሙ፤ የሌላ ቤተሰብ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ዋናው ነው፤ ጊዜ ስጡት። ኤንኤስ1 የሚባለውን ፕሮቲን ፈልጉና ከታወቁት ቫይረሶች ጋር አወዳድሩ። ለምን እሱን? ፓርቮቫይረስ የራሱ የዲኤንኤ መገንቢያ ኢንዛይም የለውም። ሕዋሱ ለመከፋፈል ዲኤንኤውን እስኪያባዛ ይጠብቃል። ያኔ ኤንኤስ1 የቫይረሱን ክር እየቆረጠና እየፈታ የሕዋሱን መሣሪያ ለራሱ ያሠራዋል። የቡችላ አንጀትና የሰው መቅኔ የሚጠቁትም ሕዋሶቻቸው ያለማቋረጥ ስለሚከፋፈሉ ነው። ይህ ሥራ ለቫይረሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ስለሆነ ፕሮቲኑ በቀላሉ አይለወጥም፤ ዝምድናን በደንብ ያሳያል።

የኤንኤስ1 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቁራጮች) መመሳሰል ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ ዝርያው አንድ ነው። ቢያንስ ከ35 እስከ 40 በመቶ ከሆነ ደግሞ ጂነሱ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ምድብ) አንድ ነው። ታዋቂው የውሻ ፓርቮና የድመቱ በዚህ መስፈርት አንድ ዝርያ ናቸው። ውሻን የሚይዝ ሌላ ፓርቮቫይረስ ግን ጂነሱ ጭራሽ የተለየ ነው።

የሚይዘውን እንስሳ በመጨረሻ እዩት። ቀድሞ ቤተሰቡ የአከርካሪ እንስሳትና የነፍሳት እየተባለ ይከፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃማፓርቮቫይሪኔ የሚባል ሦስተኛ ንዑስ ቤተሰብ ሲጨመር ያ ክፍፍል ፈረሰ፤ አንዱንም ሌላውንም ወገን የሚይዙ ቫይረሶች አብረው ገብተውበታል።

በጠባዩም አትመድቡት። ዲፔንዶፓርቮቫይረስ በሚባለው ጂነስ ውስጥ ለመባዛት አዴኖቫይረስ የሚባለውን የሌላ ቤተሰብ ቫይረስ እርዳታ የሚሻ፣ በሰው ላይ በሽታ ማምጣቱ ያልተረጋገጠና ለጂን ሕክምና የሚያገለግል ቫይረስ አለ። እዚያው ጂነስ ውስጥ ያለው የዝዪ ፓርቮቫይረስ ግን ያለ ማንም እርዳታ ይባዛል፤ ጫጩቶችንም ይገድላል።