የቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ ስትመርጡ ምዕራፍ አንድን እለፉት

«ለቴርሞ (ለቴርሞዳይናሚክስ፣ ለሙቀትና ለኢነርጂ ትምህርት) የቱን መጽሐፍ ልያዝ?» ባሕር ዳር ፔዳ ካምፓስ ያለውም ደብረ ማርቆስ ያለውም ተማሪ ይጠይቃል። የሚጠብቀው መልስ አንድ የመጽሐፍ ስም ነው። ስም መጥራት ቀላል ነው። ግን ኬሚስትሪ የሚማርና ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ አንድ ዶርም ቢያድሩም የሚፈልጉት ቴርሞ ለየቅል ነው።

መጀመሪያ የኮርስ አውትላይናችሁን አውጡ። ጊብስ ኢነርጂ፣ የኬሚካል ሚዛን፣ ድብልቆችና ኤሌክትሮኬሚስትሪ የሚል ከሆነ የአትኪንስ ፊዚካል ኬሚስትሪ ያስኬዳችኋል። ኮምፕረሰር፣ ተርባይንና የእውነተኛ ጋዞች ስሌት ከበዛበት የስሚዝና የቫን ነስን ያዙ፤ ለኬሚካል ኢንጂነሮች ተብሎ የተጻፈ ነው። የማክኳሪና የሳይመን መጽሐፍ ግሩም ነው፣ ነገር ግን በኳንተም ስለሚጀምር ቴርሞን ገና ለሚጀምር ሰው አልመክረውም። ቀጭን መጽሐፍ ለሚወድ ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ የፈርሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ነው፣ አጭርና ጥርት ያለ፣ ግን ብቻውን ኮርስ አያሻግርም።

አሁን መጽሐፉን ወደምትፈትኑበት። ሁሉም ሰው መጽሐፍ ሲገመግም የሚያነበው ምዕራፍ አንድን ነው። ምዕራፍ አንድ ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ ላይ ያምራል! ሲስተም ምንድን ነው፣ ሙቀት ምንድን ነው፣ የአይዲያል ጋዝ ሕግ… ይህን ማን ያበላሸዋል? በቀጥታ ኢንትሮፒ (ኢነርጂ ምን ያህል እንደተበተነ የሚለካው) ያለበትን ምዕራፍ ግለጡ። «ኢንትሮፒ ማለት መዝረክረክ ነው» ብሎ ቶሎ ወደ ቀመር የሚሮጥ ከሆነ መልሱት። ጥሩ መጽሐፍ ይህችን ምሳሌ ወይም የእሷን ዓይነት ያመጣል፦ አንድ ሞል አይዲያል ጋዝ አጠገቡ ወዳለ ባዶ ዕቃ ተለቀቀና የያዘው ቦታ እጥፍ ሆነ። ዕቃው ሙቀት አያሳልፍም፤ ስለዚህ የገባም የወጣም ሙቀት የለም። ኢንትሮፒው ግን በኬልቪን 5.76 ጁል ጨመረ። ሙቀት ሳይገባ እንዴት? መጽሐፉ እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ ኢንትሮፒ የሚወሰነው በመነሻውና በመድረሻው ሁኔታ ብቻ ስለሆነ ስሌቱን በሌላ፣ ሊቀለበስ በሚችል መንገድ መሥራት እንደሚቻል፣ በጋዙ ቀመር ውስጥ ያለው ሎጋሪዝም ከየት እንደመጣም ካስረዳችሁ ያዙት። ይህን ዘሎ ካለፈ ወደ ኋላ ሲሄድ ሌላውንም መዝለሉ አይቀርም።

ቀጥሎ የሥራውን ምልክት (ፖዘቲቭ ወይስ ኔጌቲቭ) እዩ። የኬሚስትሪ መጻሕፍት ባብዛኛው በሲስተሙ ላይ የተሠራውን ሥራ ፖዘቲቭ ያደርጉና የውስጥ ኢነርጂ ለውጥ ሙቀት ሲደመር ሥራ ነው ይላሉ። ብዙዎቹ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ መጻሕፍት ደግሞ ሙቀት ሲቀነስ ሥራ ይላሉ፤ ፈርሚም ሥራውን የሚቆጥረው በዚያው በኩል ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግር የሚመጣው መምህሩ በአንዱ አስተምሮ እናንተ በሌላው ስታጠኑ ነው፤ ፈተና ላይ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ምልክቱ ይገለበጥባችኋል። ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩት።

አሮጌ ኤዲሽን ብታገኙ አትናቁ። የጊብስ ኢነርጂ የተሰየመለት የጊብስ ዋና ሥራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1876 እና በ1878 መካከል ነው፣ መሠረቱ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1982 የሠንጠረዥ ቁጥሮች የሚሰጡበት ስታንዳርድ ግፊት ከ1 አትሞስፌር ወደ 1 ባር እንዲሆን ተመክሯል። ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ የጋዞች ኢንትሮፒ ላይ ትንሽ ልዩነት ታያላችሁ። የኢንታልፒው (በቋሚ ግፊት ለውጡ ሙቀት የሚሆነው) ልዩነት ከቁጥር አይገባም።

ከዚያ ጥያቄዎቹ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይወጣም፤ ራሱ ቆጥሮ፣ ነግሮ፣ ታርሞ ነው ባለቅኔ የሚሆነው። ቴርሞም እንዲያው ነው፣ ስለዚህ ከኋላው መልስ የሌለው መጽሐፍ ብቻውን ለሚያጠና ሰው አራሚ የለውም። የመፍያ ሙቀትን ከግፊት ጋር የሚያያይዘው የክላውዚየስና የክላፔይሮን ቀመር ያለበትን ገጽ ፈልጉና የተሠራውን ምሳሌ አንብቡ። ከዚያ መጽሐፉን ክደኑትና ይህን ሞክሩ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል፣ የውኃ የመትነን ኢንታልፒ በሞል 40.7 ኪሎ ጁል ነው። ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? ወደ 92 ካገኛችሁ መጽሐፉ በደንብ አስተምሯችኋል። ባሕር ዳር ዝቅ ስለሚል 94 አካባቢ ነው። ሽሮ ማርቆስ ላይ ለምን እንደሚዘገይ ጠይቃችሁ ለምታውቁ ይኸው መልሱ።

ድብልቆች ላይም አንድ ነገር እዩ፦ የአልኮልና የውኃ የመፍያ ግራፍ አለው? ቤንዚን (ነዳጁ ሳይሆን benzene የሚባለው ኬሚካል) እና ቶልዊን ብቻ አሳይቶ የሚያልፍ መጽሐፍ የቀናውን መንገድ ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። አረቄን የፈለጉትን ያህል ደጋግመው ቢያወጡት በክብደት 95.6 ከመቶ ገደማ ላይ ለምን እንደሚቆም አይነግራችሁም።

በመጨረሻ አባሪ ሠንጠረዡን ግለጡ። ፈሳሽ ውኃ የመፈጠር ኢንታልፒው በሞል 285.8 ኪሎ ጁል ኔጌቲቭ፣ እንፋሎቱ ደግሞ 241.8 ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ሁለቱን ለያይቶ ካላስቀመጠ ተዉት። ኢንትሮፒው በጁል፣ ኢንታልፒው በኪሎ ጁል እንደሚሰጥም አትርሱ፤ ጊብስን ስትሠሩ አንዱን ለ1,000 ማካፈል ወይም ማባዛት ግድ ነው።

ሶፍት ኮፒ ስልክ ላይ ለምታነቡ፦ ጽሑፉ ይነበባል፣ ሠንጠረዡ ግን ሲያጎሉት አንዱ ዓምድ ከሌላው ይሸሻል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ አባሪውንና የኢንትሮፒውን ምዕራፍ ብቻ ፊትና ጀርባ አሳትሙ። ሌላውን ላይብረሪ ታገኙታላችሁ።