የተረፈ አትክልት በእንቁላል ሲጋገር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ረቡዕና ዓርብ በሚጾምበት ቤት፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ማቀዝቀዣው ውስጥ የተረፈ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ድንች በካሮት አይጠፋም። እኔም ከዚህ ትራፊ፣ ከ8 የሐበሻ እንቁላልና ከግማሽ ብርጭቆ ወተት በኦቨን የሚጋገር ቁርስ ለቤተሰቤ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ የፈረንጅ እንቁላል ከሆነ ተለቅ ስለሚል 6 ይበቃል። ሙያውን ላሳየኋቸው ሁሉ ደጋግሜ የምነግራቸው ግን ስለ ውሃ ነው።

ጎመኑ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ደረቅ ይመስላል፤ በእጅዎ ጨብጠው ሲጨምቁት ግን አረንጓዴ ውሃ በጣቶችዎ መካከል ይወርዳል። ይህ ውሃ ሳይወጣ ከእንቁላሉ ጋር ከተቀላቀለ፣ ላዩ ቡናማ ሆኖ ያማረው ምግብ ሲቆረጥ ከሥሩ ውሃ ያቁራል። ያን ጊዜ ብዙዎች «አልበሰለም» ብለው ወደ ኦቨኑ ይመልሱታል፤ እንቁላል ደግሞ ከመጠን በላይ ሲበስል ይኮማተርና የያዘውን እርጥበት ጭምር ስለሚለቅ ውሃው ይብሳል። ዱቄት መጨመርም እንቁላሉን ሊጥ ሊጥ እንዲል ከማድረግ በቀር መፍትሔ አይሆንም። እባክዎን ጎመኑንና ቆስጣውን አጥብቀው ይጭመቁ፤ ቲማቲሙን ከሽንኩርት ጋር ውሃው እስኪመጥ ድረስ በመጥበሻ ያቁላሉ፤ አይብ ካለዎትም አጓቱን በንጹሕ ጨርቅ ያንጠፍጥፉ። ድንች ይህ ችግር የለበትም።

እንቁላል በቀጥታ ወደ ሳህኑ መስበር ሁለተኛው ስህተት ነው። አንድ የበዓል ማግስት ጠዋት የሰበርሁት የመጨረሻው እንቁላል ተበላሽቶ ስለነበር፣ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰባት ደኅና እንቁላሎች ደፍቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን በሲኒ ሰብሬ፣ አሽትቼ ነው የምጨምረው።

ትራፊው ቀድሞ ጨው ስላለው ሳይቀምሱ ጨው አይጨምሩ። ምድጃ ላይ ያደረ ምግብ ግን ከናካቴው አይግባ፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በመጋገር አይጠፋም።

አስቀድሞ 180 ዲግሪ በጋለ ኦቨን፣ ቅቤ በተቀባ ፓትራ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። እኔ ራሴ መሐሉ ጠጠር እስኪል እጠብቅ ስለነበር፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ደረቅ ነገር ሳቀርብ ኖሬያለሁ። ጠርዙ ረግቶ መሐሉ ፓትራው ሲነቀነቅ ጥቂት ሲርገበገብ ያውጡት፤ ቢላዋ ሳያስነኩ 10 ደቂቃ ቢያሳርፉት በራሱ ሙቀት መሐሉ ይረጋል፤ ሲቆረጥም ቅርጹን ይዞ ይወጣል።